«ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» አትበሉ፦ በፍላት ቤድ (ወለሉ ጠፍጣፋ በሆነ የጭነት መኪና) ላይ ጭነት አጫጫንና አስተሳሰር፣ ከኮምቦልቻ ለሚነሱ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጠዋት ጠዋት መጋዘን በር ላይ ብትቆሙ ደጋግማችሁ የምትሰሙት አንድ አባባል አለ። ፌሮው (የግንባታ ብረት ዘንጉ) ወይም ቱቦው ካሶኒው (የመኪናው የጭነት ወለል) ላይ ይደረደራል፣ ሁለት ገመድ ይወረወርበታል፣ ረዳቱ ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል ከጫኞቹ አንዱ «ተወው፣ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል» ይለዋል። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ይህች አባባል ሰው ስለምትገድል ነው።

ፍሬን የሚያቆመው መኪናውን ነው፤ ጭነቱን አይደለም። መኪናው ሲቆም ጭነቱ በያዘው ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። ሊያስቆመው የሚችለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ፣ ከፊቱ የቆመ ጠንካራ ነገር፣ እና ማሰሪያው። ክብደት ሲጨምር ሰበቃውም ይጨምራል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወደ ፊት የሚገፋው ጉልበትም በዚያው ልክ ይጨምራል። ስለዚህ 10 ኪሎ ብረትና 10 ቶን ብረት በአንድ ዓይነት ፍሬን እኩል ይንሸራተታሉ። ልዩነቱ 10 ኪሎው የፊቱን ስፖንዳ (የካሶኒውን የፊት ግድግዳ) ገጭቶ ይቆማል፣ 10 ቶኑ ግን ጋቢናውን ጨምሮ ይወስዳል።

እኔ ረዳት በነበርኩበት ዘመን 6 ሜትር የብረት ቱቦ ጭነን ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ነበር። በሦስት ገመድ ከላይ ብቻ ነው የታሰረው፤ ያሰርኩትም እኔ ነኝ። የጫኑልን ሰዎች «ይበቃል» ሲሉኝ አምኜ ተውኩት። ሐረጎ በሚባለው ዳገት ላይ አንዱን ኩርባ እንደጨረስን ከብት መንገዱን ሞልቶ አገኘን። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፣ መኪናውም ቆመ፤ ቱቦዎቹ አልቆሙም። ሁለቱ የፊቱን ስፖንዳ ቀደው፣ የጋቢናውን የኋላ መስታወት ሰብረው፣ በእኔና በሾፌሩ መካከል ወጡ። መሪውን እንደጨበጠ የሚንቀጠቀጠው እጁ እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ ማሰር ያስተማሩኝ ሁላችንም ሐጂ እያልን የምንጠራቸው፣ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ አዛውንት ሾፌር ናቸው። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ የአገራችን ዋና ወደብ አሰብ ነበር፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አድርጎ የሚወርደው መንገድም ብዙ ሾፌር የተማረበት ነው። ሐጂ ገመድ ከማስነሳታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኝ ነበር። «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ አሁን ልሂድ ቢል በየት በኩል ይሄዳል?» ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ። ለአምስቱም መልስ እስክሰጥ ድረስ መኪናው አይንቀሳቀስም።

ለዚያ ጥያቄ ዛሬ በቁጥር የሚሰጥ መልስ አለ። በአውሮፓም በአሜሪካም የሚሠራበት ልክ ተቀራራቢ ነው፦ ማሰሪያና መደገፊያው አንድ ላይ ሆነው ወደ ፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ደግሞ 50 በመቶ መቋቋም አለባቸው። 10 ቶን ከጫናችሁ ወደ ፊት 8 ቶን፣ ወደ ጎን 5 ቶን፣ ወደ ኋላ 5 ቶን ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህንን ለማሟላት ነው።

ከመጫኑ በፊት

መጀመሪያ ወረቀቱን እዩና ትክክለኛውን ክብደት እወቁ። በግምት አትሂዱ። ቀጥሎ ወዴት እንደምትሄዱ አስቡ፤ ምክንያቱም ከኮምቦልቻ የሚወጡት መንገዶች ጭነትን የሚፈትኑት በተለያየ አቅጣጫ ነው። ወደ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ትወጣላችሁ፣ ስለዚህ ጭነቱ ወደ ኋላ ይስባል፣ በኩርባው ደግሞ ወደ ጎን። በ100 ሜትር 8 ሜትር በሚወጣ ዳገት ላይ 10 ቶን ጭነት መኪናው ቆሞ እንኳ 800 ኪሎ ያህል ወደ ኋላ ይጎትታል። ወደ ባቲና ሚሌ ስትወርዱ ደግሞ ጭነቱ ያለ ማቋረጥ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ከታች አፋር ላይ ፀሐዩና ነፋሱ ይጠብቋችኋል። ወደ አዲስ አበባ ከሆነ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ያዘናጋል፣ ከዚያ ጣርማ በር የሚባለው ዳገት ይመጣል።

ካሶኒውን ጥረጉ። ይህን ብዙ ሰው እንደ ጽዳት ብቻ ያየዋል፤ ግን አሸዋ፣ የፈሰሰ እህል፣ ጭቃና ዘይት ከጭነቱ ሥር እንደ ኩሽኔታ ሆነው ያንሸራትታሉ። የወለሉ ጣውላ የበሰበሰ ወይም የተሰበረ ካለ ከመጫን በፊት ይቀየር። ማሰሪያ የሚገባባቸውን ቀለበቶችና መንጠቆዎች አንድ በአንድ በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ ብየዳቸውን ፈትሹ። ጋራዥ ውስጥ ችኮላ ላይ የተበየደ መንጠቆ አይታችሁ የማታምኑት ከሆነ አትሰሩበት፤ ከቴላዮው (ከመኪናው ዋና የብረት አጽም) ጋር በተያያዘው ጠንካራ ክፍል ላይ እሰሩ። ስፖንዳ ማጠፊያው ላይ ገመድ የሚያስር ረዳት አይቻለሁ፤ ስፖንዳ ማጠፊያ የተሠራው ስፖንዳ እንዲይዝ እንጂ ቶን እንዲስብ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የፊቱን ስፖንዳ እዩት። ከእናንተ ጀርባ ያለው ብቸኛ ግድግዳ እሱ ነው። ዝገት ከበላው፣ ከተጣመመ ወይም ቋሚዎቹ ከላሉ፣ ረጅም ብረት አትጫኑ።

አቀማመጥ

ከባዱን ከታች፣ በመሃል መስመር ላይ አድርጉ። የሚቻል ከሆነ ጭነቱን ከፊቱ ስፖንዳ ጋር አጣብቁት፤ እንዲህ ሲሆን መንደርደሪያ አያገኝም። ግማሽ ሜትር ክፍተት ትታችሁ የሄዳችሁ እንደሆነ ግን ጭነቱ ስፖንዳው ጋ የሚደርሰው እየተንደረደረ ነው፤ ሳይንደረደር የሚቋቋመውን ግድግዳ ተንደርድሮ ይሰብረዋል።

ታዲያ ጭነቱ አጭርና ከባድ ሲሆን ሁሉንም ወደ ፊት ማስጠጋት የመኪናውን የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን) ከልክ በላይ ያስጨንቀዋል፣ ሚዛን ጣቢያም ላይ ያስይዛል። ያን ጊዜ ጭነቱን እግሮቹ በሚካፈሉት ቦታ ላይ አስቀምጡና በእሱና በስፖንዳው መካከል ያለውን ክፍተት በሞራሌ (በወፍራም አራት ማዕዘን እንጨት) ሙሉት። ሞራሌው እንዲሁ የተወረወረ ሳይሆን በምስማር እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ መሰላል የቆመ፣ ጭነቱንም ስፖንዳውንም በሰፊው የሚነካ ይሁን። ክብደቱን ከኋላ እግር አልፎ ወደ ጭራው መውሰድ ደግሞ ሐረጎን ለሚወጣ መኪና የባሰ ነው። የፊት ጎማው ይቀልላል፣ መሪው እሺ ማለት ያቆማል፤ ጉም በወረደበት ኩርባ ላይ ይህ ሲሆን የሚሰማውን ስሜት ያየ ሰው ሁለተኛ ወደ ኋላ አይጭንም።

ከሥሩ ጎማ አንጥፉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህ ክፍል ቢሆን ደስ ይለኛል። ብረት በብረት ላይ፣ በተለይ ዘይት ወይም ዝናብ ሲነካው፣ ሰበቃው የክብደቱን ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው የሚይዘው። እንጨት በመሃል ሲገባ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ለዚሁ የተሠራ የጎማ ምንጣፍ ሲነጠፍ 60 በመቶ ይደርሳል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 10 ቶን ጭናችኋል፣ ወደ ፊት 8 ቶን መያዝ አለበት። እንጨት ላይ ከሆነ ሰበቃው 3 ቶን ይይዛል፣ 5 ቶን ይቀራል። ጎማ ላይ ከሆነ 6 ቶን ይይዛል፣ የሚቀረው 2 ቶን ነው። አሁን ቀሪውን ከላይ በሚታሰር ቤልት (ማጥበቂያ ባለው የጨርቅ ማሰሪያ) ብቻ እንያዘው ብትሉ፣ በእጅ የሚጠብቅ የተለመደ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቤልት የሚሰጠው የመወጠር ጉልበት ወደ 300 ኪሎ ነው። በሁለቱም ጎን ሲጫን፣ በማዕዘን ላይ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 540 ኪሎ ያህል ወደ ታች ይጫናል እንበል። እንጨት ላይ ከዚህ 30 በመቶው፣ ማለት 162 ኪሎ ብቻ ነው ጭነቱን የሚይዘው፤ 5 ቶኑን ለመያዝ 31 ቤልት ያስፈልጋል። ጎማ ላይ ግን አንዱ ቤልት 324 ኪሎ ይይዛል፣ 7 ቤልት ይበቃል። 31 ቤልት የሚያስር ሾፌር በሕይወቴ አላየሁም። 7 የሚያስር ግን አለ፤ ከፊት ደግሞ ጠንካራ መደገፊያ ካለ ከዚያም በታች ይበቃል።

ጎማውን ለማግኘት ብዙ ወጪ የለውም። ከክሬሸር (ከድንጋይ መፍጫ) የሚወጣ ያረጀ የማጓጓዣ ጎማ ጥሩ ነው፤ ከ8 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ያለው፣ ዘይት ያልጠጣ፣ ጥርሱ ወይም ገጹ ያልላገ ይሁን። ለሌላ ሥራ የተሠራ ጎማ ስለሆነ እንደ ፋብሪካው ምንጣፍ ሙሉ 60 በመቶ ይይዛል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ቤልት ጨምሩበት። በየ ሞራሌው ሥርም በላይም ቁራጭ አድርጉ፤ ከሥሩ ብቻ ካደረጋችሁ ጭነቱ ሞራሌው ላይ ይንሸራተታል፣ ከላይ ብቻ ካደረጋችሁ ሞራሌው ራሱ ከነጭነቱ ይሄዳል። የውስጥ ጎማ ቀጭን ነው፣ ቶሎ ይቀደዳል፤ ለዚህ ሥራ አልመክረውም።

ማሰሪያው

ገመድ ለጆንያና ለሸራ ይሁን። ለብረት፣ ለማሽንና ለድንጋይ ገመድ አይበቃም፤ ሲረጥብ ይላላል፣ ቋጠሮ ሲበዛበት ደግሞ ጥንካሬው በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ቤልት ስትገዙ የተሰፋበትን መለያ አንብቡ። ሰማያዊ መለያ ፖሊስተር መሆኑን ያሳያል፣ ለጭነት የሚመረጠውም እሱ ነው። «ኤል ሲ» (LC) ከሚለው ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ቤልቱ በቀጥታ ሲሳብ የሚችለው ጉልበት ነው፤ ባለ 50 ሚሊ ሜትሩ ላይ ብዙ ጊዜ 2500 ይላል፣ ወደ 2.5 ቶን ማለት ነው። «ኤስ ቲ ኤፍ» (STF) የሚለው ደግሞ በእጅ ስታጠብቁት ቤልቱ ላይ የሚቀረውን የመወጠር ጉልበት ይናገራል። ከላይ አሳልፎ ለማሰር የሚጠቅማችሁ ይህኛው ቁጥር ነው፤ ሻጩ የሚያሳያችሁ ግን ሁልጊዜ ትልቁን ነው። መለያው የጠፋ፣ ጠርዙ የተቆረጠ፣ ስፌቱ የተፈታ፣ በሙቀት የቀለጠ ወይም ቋጠሮ የገባበት ቤልት ከሥራ ይውጣ። የተቆረጠን ቤልት ቋጥሮ መቀጠል ክልክል ነው፣ ምንም ያህል ብር ቢያስወጣ። ፀሐይም ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ካሶኒ ላይ ተጥሎ የከረመ ቤልት ቀለሙ ሲነጣ እያያችሁ አትመኑት።

ሰንሰለት ለማሽንና ለከባድ ብረት ነው። ደረጃው 80 የሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት ወደ 4 ቶን፣ ባለ 10 ሚሊ ሜትሩ ወደ 6.3 ቶን ለማሰር ይፈቀድለታል። ደረጃው ያልተጻፈበትን፣ ከገበያ በኪሎ የሚሸጠውን ሰንሰለት በዚህ ልክ አትቁጠሩት። ማጥበቂያው ሁለት ዓይነት ነው፦ እጀታው ተገልብጦ የሚቆለፍና እየተሽከረከረ የሚጠብቅ። የመጀመሪያው ሲፈታ ተስፈንጥሮ መንጋጋ ይሰብራል፤ አቅሙ ካላችሁ ሁለተኛውን ግዙ። በሁለቱም ላይ ሆነ በቤልት እጀታ ላይ ቱቦ አስገብቶ ማርዘም አይፈቀድም። እጀታው የተለካው ለሰው ክንድ ነው፤ ሲረዝም ቤልቱን ወይም ማጥበቂያውን ትሰብሩታላችሁ።

አስተሳሰሩ

ሁለት ዓይነት ማሰር አለ፣ ሕጋቸውም ተቃራኒ ነው። ከላይ አሳልፎ ማሰር ጭነቱን ወደ ወለሉ የሚጫን ስለሆነ ቤልቱ በጎን በኩል ቀጥ ብሎ ሲወርድ ነው የሚሠራው። ከወለሉ ጋር 90 ዲግሪ ሲሆን ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ 60 ዲግሪ ሲሆን 87 በመቶ፣ 45 ዲግሪ ሲሆን 70 በመቶ፣ 30 ዲግሪ ሲሆን ግማሹን ብቻ። ጭነቱ ዝቅ ያለና ጠባብ ከሆነ ቤልቱ ተጋድሞ ስለሚቀር፣ ማሰሪያውን ወደ ጭነቱ በቀረበ መንጠቆ ላይ አድርጉ ወይም በላዩ በቁመቱ ሞራሌ ጋድሙበት። በቀጥታ ማሰር ግን የዕቃውን የራሱን ቀለበት ከካሶኒው ጋር ማያያዝ ነው፤ ያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሄድ የሚጎትት ስለሆነ ጋደም ያለ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል።

ለቁጥሩ የአሜሪካው ሕግ ለማስታወስ ቀላል ነው፦ ከፊት መደገፊያ የሌለው ጭነት እስከ 3 ሜትር ርዝመት ድረስ 2 ማሰሪያ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ወይም ለቁራጩ አንድ ጭማሪ። 12 ሜትር ፌሮ 5 ይሆናል። ይህ ግን ዝቅተኛው ነው፤ ክብደቱ ከጠየቀ ትጨምራላችሁ።

ቤልቱ ሹል ጠርዝ በሚነካበት ሁሉ መከለያ አድርጉ። ለዚሁ የተሠራ ፕላስቲክ ከሌለ የወፍራም ጎማ ቁራጭ ወይም ግማሽ የተሰነጠቀ የውሃ ቱቦ ይሆናል። ካርቶን አይሆንም፤ ከአንድ ኩርባ በኋላ ይቀደዳል። ማጥበቂያው ላይ ቤልቱ ቢያንስ አንድ ተኩል ዙር፣ ቢበዛ ሦስት ዙር ይጠቅለል። ማጥበቂያ ያለበት ጎን ሁልጊዜ ይበልጥ ይወጠራል፤ ስለዚህ አንዱን ከቀኝ፣ ቀጣዩን ከግራ አጥብቁ። ሁሉንም ከአንድ ጎን ያጠበቀ ረዳት ጭነቱን ወደ አንድ ጎን እያዘነበለው ነው። ትርፉን ጫፍ እሰሩት፤ ተንጠልጥሎ ጎማ ውስጥ የገባ ቤልት ሁሉንም ያላላል።

እንደ ዕቃው

ፌሮ ከሁሉ ያስቸግራል። ቤልት ከላይ ሲጫነው የውጭዎቹን ዘንጎች ይይዛል፤ ከጥቅሉ መሃል ያሉት ግን እንደ ፍላጻ ሾልከው ይወጣሉ። መድኃኒቱ ሁለት ነው። እያንዳንዱን ጥቅል በሁለት ቦታ ዙሪያውን በቤልት ወይም በሰንሰለት አንቁት፣ ከዚያ ከላይ እሰሩ። ከፊት ደግሞ የዘንጎቹን ጫፍ ሁሉ የሚሸፍን ወፍራም ጣውላ ወይም ላሜራ በስፖንዳው ላይ አቁሙ። ጫፎቹ እኩል ካልሆኑ የወጣው ዘንግ ብቻውን ጉልበቱን ሁሉ ተቀብሎ ጣውላውን ይበሳል፤ ስለዚህ በመዶሻ እየመታችሁ አስተካክሉ። ከኋላ የሚተርፈው ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ማታ ቀይ መብራት ይኑረው። አስፋልት ላይ እያፏጨ የሚጎተት ፌሮ ይዞ መሄድ ግን በፍጹም አይገባም፤ ከኋላ የሚመጣው ባለ ሞተር ሳይክል የማን ልጅ እንደሆነ አታውቁም።

ቱቦ ይንከባለላል። ከሥሩ ሽብልቅ፣ በጎን ቋሚ ብረት፣ እያንዳንዱ ደርብ መካከል ሞራሌ ከነጎማው። ቆርቆሮና ላሜራ ዘይት ስለሚቀባ እርስ በርሱ ይንሸራተታል፤ በጥቅል በጥቅል ለዩትና በመካከል እንጨት አስገቡ። ጥቅል ላሜራ ከሆነ በሁለት ወፍራም እንጨት መካከል እንደ ሕፃን በአልጋ ይተኛ፣ ሰንሰለቱም በቀዳዳው ውስጥ ይለፍ። አጣና ከሆነ ልጡ አዲስ የተላጠ እርጥብ ባህር ዛፍ እንደ ሳሙና መሆኑን አትርሱ፤ ከጎን ቋሚዎቹ በላይ ከፍ አድርጋችሁ አትቆልሉ። ጆንያ እንደ ግንብ እየተጠላለፈ ይደርደር፣ ከላይ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሂድ፣ በሸራ ይሸፈን።

ሎደርና ኤክስካቫተር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «በራሱ ጎማ ነው የቆመው፣ የት ይሄዳል» የሚባለው በእነሱ ላይ ነው። የእግሩን ጭቃ አራግፉ፤ ጭቃ ያለበት ሰንሰለት እግር በብረት ወለል ላይ ምንም አይዝም። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ባልዲውን ወለሉ ላይ አሳርፉ፣ መሃሉ የሚታጠፍ ሎደር ከሆነ የመታጠፊያውን መቆለፊያ ብረት ክተቱ። ከዚያ ቢያንስ አራት ሰንሰለት፦ ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የሚስቡ፣ ከማሽኑ የራሱ ማሰሪያ ቀለበት ወይም ከአክሱ (ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ) እንጂ ከጎማው ላይ አይደለም። ባልዲውና ክንዱ በተጨማሪ በራሱ ሰንሰለት ይያዝ። ከዚያ በሜትር ቁመቱን ለኩ፤ ከተማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፣ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ የጣርማ በር ዋሻ አለ።

ኮንቴይነር ከደረቅ ወደቡ ስታወጡ አራቱም የማዕዘን መቆለፊያዎች በእጃችሁ ዞረው መዘጋታቸውን አረጋግጡ። ሦስቱ ተዘግቶ አንዱ ክፍት ከሆነ «ሦስቱ ይበቃሉ» አይባልም። መቆለፊያ በሌለው ተራ ካሶኒ ላይ ኮንቴይነር በገመድ አትጫኑ። ባዶውን ደግሞ ከሙሉው ባላነሰ ፍሩት፤ ባዶ ባለ 20 ጫማ ከ2 ቶን ትንሽ ይበልጣል፣ ግድግዳው ግን እንደ ሸራ ነፋስ ይቀበላል፣ ሚሌ ሜዳ ላይ ያለው ነፋስም ቀላል አይደለም።

በጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥ። ጫኞቹን ማውረጃው ድረስ ከላይ አድርጎ መውሰድ ልማድ ሆኗል፤ እኔ ግን አልቀበለውም፣ እናንተም አትቀበሉ። ጭነቱ አንድ ክንድ ሲንሸራተት እግር በመሃል ይገባል። ጫኞቹ በታክሲ ይምጡ፣ ሒሳቡ ከጭነቱ ዋጋ ላይ ይታሰብ። ስትደራደሩ ይህን ጨምራችሁ ተደራደሩ።

መንገድ ላይ

ከግቢ ሳትወጡ 200 ሜትር ያህል ሂዱና በዝግታ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ያዙ። ውረዱ፣ ዙሩ፣ እያንዳንዱን ቤልት በእጃችሁ ምቱ። የተወጠረ ቤልት ድምፁ ይታወቃል። ጭነት ሲሄድ ይረጋል፣ ሲረጋም ማሰሪያው ይላላል፤ መጀመሪያ ያጠበቃችሁት ከመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ያ አይደለም።

የአሜሪካ ሕግ ሾፌር በመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ከዚያ በየ 3 ሰዓቱ ወይም በየ 240 ኪሎ ሜትሩ ቆሞ እንዲፈትሽ ያዝዛል። ለእኛ መንገድ ይህ ርቀት ይበዛል፤ ሐረጎ 80 ኪሎ ሜትር እስኪሞላ አይጠብቅም። ወደ ደሴ የምትወጡ ከተማው እንዳለቀ፣ ዳገቱ ሳይጀምር ቁሙ፤ ደሴ ስትደርሱ ደግማችሁ እዩ፤ ወደ ወልድያ የምትቀጥሉ ከሆነ ሐይቅ ላይ። ወደ ሚሌ የምትወርዱ ባቲ ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ የምትሄዱ ሐርቡ ላይ፣ ከዚያ ከሚሴ፣ ከዚያ ጣርማ በር ሳትጀምሩ ሸዋ ሮቢት። ዝናብ ከመታችሁ፣ ድንገተኛ ፍሬን ከያዛችሁ ወይም ጎርበጥባጣ መንገድ ካለፋችሁ ቀጣዩን ጣቢያ አትጠብቁ። ስትቆሙ ጎማው ሥር ታኮ ይግባ።

ስለ ኩርባ አንድ ሒሳብ ልጨምር። ሬዲየሱ (ከክቡ መሃል እስከ መንገዱ ያለው ርቀት) 50 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትገቡ ጭነቱ በክብደቱ ሩብ ያህል ወደ ውጭ ይገፋል። በ55 ብትገቡ ግን ግማሽ ሊሞላ ይቀርባል። በ15 ኪሎ ሜትር ብቻ ልዩነት ማሰሪያችሁ የተለካበት ልክ ጫፍ ላይ ደረሳችሁ ማለት ነው፤ ቁመት ያለው ጭነት ደግሞ ከዚያ በፊት መኪናውን ይዞ ይወድቃል። ቁልቁለቱን በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፣ የሞተር ፍሬን ተጠቀሙ፣ ፍጥነቱን ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ኩርባው ሳይደርስ ቀንሱ።

ሲራገፍ

ደርሰናል ብሎ ቤልቱን በአንዴ መልቀቅ በመንገድ ካለው አደጋ ያላነሰ ጉዳት ያደርሳል። ጭነቱ በጉዞው ወደ አንድ ጎን ተጠግቶ ቤልቱን ተደግፎ ሊሆን ይችላል፤ ስትፈቱት እናንተ ላይ ይመጣል። መኪናው ደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፣ ታኮው ይግባ። ከመፍታታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ዙሩና የሐጂን ጥያቄ ጠይቁ፦ ይኼ ዕቃ አሁን ልሂድ ቢል በየት በኩል ይሄዳል? መልሱ ያለበት ጎን ላይ ሰው አይቁም፣ ተመልካችም ልጅም ይራቅ። ቱቦና አጣና ከሆነ ክሬን ወይም ፎርክሊፍት ጥቅሉን ሳይይዘው የመጨረሻው ቤልት አይፈታ። እጀታውን ስትከፍቱ ፊታችሁን ከእሱ አቅጣጫ አዙሩ።

ከተራገፈ በኋላ ቤልቱን አራግፉ፣ የረጠበውን ጥላ ላይ አድርቁ፣ ጠርዙን በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ጠቅልሉት። የተበላሸውን እዚያው ቁረጡት፣ ሌላ ረዳት አንስቶ እንዳይጠቀምበት። ደህናው ጋቢና ውስጥ፣ ከነዳጅና ከባትሪ አሲድ ርቆ ይቀመጥ።